«ምርጥ መዝሙር» የሚለው ፎልደር የማን ነው?

ሸዋ ሮቢት ላይ መዝሙር ለማግኘት መዝሙር ቤት መፈለግ አያስፈልግም። የስልክ ሽፋን፣ ቻርጀርና የጆሮ ማዳመጫ የተንጠለጠለበት ጠባብ ሱቅ ይበቃል። ደንበኛው ሚሞሪውን ከስልኩ አውጥቶ ይሰጣል፤ ልጁ ተቀብሎ ኮምፒውተሩ ላይ ይሰካና «ምን ልጫንልህ?» ይላል። መልሱ ብዙ ጊዜ «ጥሩ ጥሩውን» ነው። ጥቂት ደቂቃ ይጠበቃል፣ ሒሳብ ይከፈላል። ሚሞሪው ወደ ገጠር ቀበሌ ይሄዳል፣ ባጃጅ ውስጥ ይገባል፣ ሽንኩርትና ማንጎ ከጫነው አይሱዙ ጋር አዲስ አበባ ይደርሳል።

«ጥሩ ጥሩው» የሚቀመጥበት ፎልደር «ምርጥ መዝሙር» ይባላል። ሲከፈት «ትራክ 07»፣ «ትራክ 07 ኮፒ»፣ «ላይቭ አዲስ» የሚሉ ፋይሎች ተደርድረዋል። ዘማሪው ማን እንደሆነ በድምፁ የለየ ይለየዋል፤ ያልለየ እንዲሁ ይሰማል። ግጥሙን ማን ጻፈው? የት ጉባኤ ላይ ተዘመረ? በስንት ዓመተ ምሕረት? ፎልደሩ አይናገርም።

በሌላው ዓለም አንድ መንፈሳዊ ዘማሪ ሃያ፣ ሠላሳ ዓመት ካገለገለ በኋላ በመድረክ የተቀዱ ሥራዎቹንና ሕዝብ የወደዳቸውን መዝሙሮች መርጦ በአንድ ስብስብ ማውጣቱ የተለመደ ነው። እኛ ዘንድ ይህን ሥራ የሚሠራው የሞባይል ሱቅ ልጅ ነው። ልጁ ምርጫውን አሳምሮ ያውቀዋል። የጎደለው ስሙ፣ ቀኑና ቦታው ነው፤ እነዚህን ሦስቱን ደግሞ ልጁ ከየትም ሊያመጣቸው አይችልም። ሊያመጡ የሚችሉት ዘማሪዎቹ ራሳቸውና የጉባኤ ቅጂዎችን በቁም ሣጥን ቆልፈው ያስቀመጡት አጥቢያዎች ናቸው። ሊዘገዩበት የማይገባ ሥራ ነው።

አስቀድሞ ግን የልጁን ሙያ ማክበር ተገቢ ነው። አሳታሚው አልበሙ መጀመሪያ ላይ ያስቀመጠውን መዝሙር ሰው ላይፈልገው ይችላል። ስምንተኛው ላይ የተሸጎጠውን ግን ለቅሶ ላይ የሰነበተ ሰው መጥቶ ይጠይቃል፤ ልጇን ዓረብ አገር የሸኘች እናት ትጠይቃለች፤ ሌሊት የሚነዳ ሾፌር ይጠይቃል። ልጁ ይህን እያየ ያልተጠየቀውን ያወጣል፣ የተጠየቀውን ወደ ላይ ያመጣል። ከዓመት ዓመት የተጣራ ምርጫ ነው። አዲስ አበባ ላይ የተሰበሰበ የትኛውም የአልበም ኮሚቴ የዚህን ያህል አድማጩን አያውቀውም። አንድ ዘማሪ «ሕዝብ የወደዳቸው» የሚል ስብስብ ለማውጣት ቢያስብ፣ ከስቱዲዮው ባለሙያ በፊት መጠየቅ ያለበት እንዲህ ያሉ ልጆችን ነው።

በነገራችን ላይ እዚያው ኮምፒውተር ላይ «መንዙማ» የሚል ፎልደርም አለ። አገሩ ይፋት ነውና ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የሚያስጭነው ከአንድ ልጅ ነው። የመንዙማውም ፋይል «ትራክ 07» ነው የሚለው። ችግሩ የአንድ እምነት ወይም የአንድ ቤተ እምነት ብቻ አይደለም።

«ይህ የድሮ ነገር ነው፤ አሁን ሁሉም ዩቲዩብ ላይ አለ» የሚል ሰው አይጠፋም። የይፋትን ቆላ ግን ያለፉት ዓመታት ሌላ ነገር አስተምረውታል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ መቋረጡ ለብዙ ወራት ዘለቀ። በዚያ ጊዜ ዩቲዩብ ላይ ያለ መዝሙር ለሸዋ ሮቢት፣ ለአጣዬ፣ ለማጀቴ ሰው እንደሌለ ነበር። የነበረው ሚሞሪው ነው። ከስልክ ወደ ስልክ፣ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ተላለፈ። በዚያ ላይ የዩቲዩብ ቻናል ማለት የሰው ግቢ ውስጥ በአደራ የተቀመጠ ዕቃ ማለት ነው። ባለቤቱ የይለፍ ቃሉን ሲረሳ፣ ሰው ሰርቆ ሲወስድበት ወይም ኩባንያው በአንድ ቅሬታ ሲዘጋው አብሮ የሚጠፋው የአሥር ዓመት ጉባኤ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ መዝሙር በዚህ መልክ ሲተላለፍ የመጀመሪያው አይደለም። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. ደርግ የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያን ወርሶ የአብዮት ድምፅ አደረገው። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ታፍነው ተወሰዱ፤ ተገደሉም። አብያተ ክርስቲያናት በየቦታው ሲታሸጉ ጉባኤው ወደ ሰው ሳሎን ገባ። ሬዲዮ የለም፣ አዳራሽ የለም፣ አሳታሚ የለም። መዝሙሩ የተጓዘው ካሴት ከካሴት እየተቀዳ ነው። በተቀዳ ቁጥር ድምፁ እየደከመ፣ ሹክሹክታው እየበዛ ይሄዳል፤ አራተኛው ቅጂ ላይ የደረሰ ሰው ከዘማሪው ድምፅ እኩል የቴፑን ጩኸት ይሰማል። ያም ሆኖ ተሰማ።

የዚያ ዘመን ትልቁ ምስክር ተስፋዬ ጋቢሶ ነው። ከሲዳማ ምድር የተነሣው ይህ ዘማሪ ግጥሙንም ዜማውንም ራሱ የሚደርስ ነው። በደርግ ዘመን ስለ እምነቱ ሰባት ዓመት ታስሯል፤ እስር ቤትም ሆኖ መዝሙር ደርሷል። ካሴቶቹ እሱ ሊደርስ ያልቻለበት ሁሉ ደርሰው፣ ሰው መልኩን ሳያይ ድምፁን ያውቀው ነበር። ከእሱ ቀጥሎ የመጣው ትውልድ የወንጌል ዘማሪ ሁሉ ከእነዚያ ካሴቶች ያልተማረ ቢኖር ጥቂት ነው። ሸዋ ሮቢትም በአገሪቱ ስሟ በይበልጥ የሚነሣው በማረሚያ ቤቷ ነውና፣ እስር ቤት የተደረሰ መዝሙር ምን ማለት እንደሆነ ለዚያች ከተማ ሰው ማስረዳት አይከብድም።

አሁን ጥያቄው ይህ ነው፦ የተስፋዬን መዝሙሮች ሰብስቦ፣ የእያንዳንዱን ታሪክ ጠይቆ፣ መቼና በምን ሁኔታ እንደተደረሱ መዝግቦ መጽሐፍ ያደረገው ማን ነው? ለብዙ ዓመታት ኢትዮጵያ ውስጥ የኖረችው ሊላ ባሊስኪ ናት። መጽሐፏ በ2018 እ.ኤ.አ. ታተመ። ትልቅ ሥራ ነው፤ ሊመሰገን ይገባል። የተጻፈው ግን በእንግሊዝኛ ነው። ያንን መዝሙር በሚሞሪ አስጭኖ እያለቀሰ የሚሰማው ሰው መጽሐፉን አያገኘውም፤ ቢያገኘውም አያነበውም።

ሌላው ምሳሌ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ናቸው። ዓለም የሚያውቃቸው በፒያኖ ነው፤ በወጣትነታቸው ግን ዓለምን ንቀው ግሸን ማርያም ገዳም የገቡ፣ እዚያም በባዶ እግራቸው ዓመታት የኖሩ መነኩሲት ናቸው። ከአዲስ አበባ ግሸን የሚሄድ ሰው ዛሬም የሚያልፈው በጣርማ በር ወርዶ፣ በሸዋ ሮቢት አቋርጦ ነው። እማሆይ በደርግ ዘመን፣ አዲስ አበባ ቤታቸው ውስጥ፣ በቴፕ ፒያኖ እየመቱ በአማርኛ የዘፈኗቸውን የራሳቸውን ድርሰቶች ቀድተው ነበር። ስለ አገር፣ ስለ ናፍቆት፣ ስለ መለየት የሚናገሩ ናቸው። ቅጂዎቹ ስቱዲዮ አልነኩም፤ ከመስኮቱ ውጭ የሚንጫጩ ወፎች ሁሉ ይሰማሉ። እማሆይ በመጋቢት 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ላይ ዐረፉ። በዓመቱ ሚሲሲፒ ሬከርድስ የተባለ አሜሪካዊ አሳታሚ እነዚያን ቅጂዎች «ሱቨኒርስ» በሚል ርእስ አወጣቸው። ወፎቹን አላጠፋም። መቼና የት እንደተቀዱ ጻፈ። በዚህ ምክንያት ዛሬ ቶኪዮ ያለ አድማጭ እነዚያ ዜማዎች በየትኛው ዘመንና በምን ዓይነት ቤት እንደተቀዱ ያውቃል። ሸዋ ሮቢት ያለው አያውቅም።

ሁለቱም ጊዜ መዝገቡን የያዘው ሌላ ሰው ነው። ይህን ማለት ፈረንጅን መውቀስ አይደለም፤ እነሱ ባይደርሱልን የባሰ ነበር። ወቀሳው ወደ ቤት ነው።

የመድረክ ቅጂ ለምን ይህን ያህል አስፈለገ የሚል ሰው፣ አንድን መዝሙር በስቱዲዮና በጉባኤ አከታትሎ ይስማ። በስቱዲዮው ዘማሪው ብቻውን ነው፤ ኪቦርዱ የተስተካከለ፣ ድምፁ የታጠበ ነው። በጉባኤው ግን መዝሙሩ ለሁለት ተከፍሏል፤ ግማሹ የዘማሪው፣ ግማሹ የተቀባዩ። የእኛ መዝሙር፣ የያሬድ ልጆችም ይዘምሩት የወንጌላውያኑ ኳየር፣ አዝማችና ተቀባይ ካልተሟላ ገና አላለቀም። ከዚህም ሌላ ቅጂው ውስጥ ሌላ መረጃ አለ። ዘማሪው የመጀመሪያዋን ሐረግ ሳይጨርስ እልልታው ከቀለጠ፣ መዝሙሩ ከዘማሪው ቀድሞ እዚያ ከተማ ደርሶ ነበር ማለት ነው። እልልታው ሁለተኛው ዙር ላይ ከመጣ፣ ሕዝቡ መዝሙሩን እዚያው እየተማረው ነው። በመዝሙርና በመዝሙር መካከል የሚጸለየው ደግሞ የዜና ያህል ነው። ስለ ዝናብ ከተጸለየ ድርቅ ነበር፤ ስለ ልጆች መመለስ ከተጸለየ ጦርነት ነበር። የስቱዲዮ አልበም ይህን ሁሉ አይዝም። የሞባይል ሱቁም ልጅ ፋይሉ እንዲቀልለት ጸሎቱን ይቆርጠዋል።

ምልክት ያልተደረገበት ቅጂ ምን እንደሚሆን ለማየት አሬታ ፍራንክሊንን ማስታወስ ይበቃል። በጥር 1964 ዓ.ም. አሬታ ሎስ አንጀለስ በሚገኝ አንድ የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ሁለት ሌሊት መዝሙር ዘመረች። ቅጂው «አሜዚንግ ግሬስ» የተባለ አልበም ሆኖ በዚያው ዓመት ወጣ፤ በዘመኗ ሁሉ ከሠራቻቸው አልበሞች ብዙ የተሸጠውም እሱ ሆነ። ፊልምም ተቀርጾ ነበር፤ ቀራጩ ታዋቂው ሲድኒ ፖላክ ነው። ነገር ግን ቀረጻ ሲጀመር ካሜራ ፊት የምትጨበጨበዋን ሰሌዳ አልተጠቀሙም። በዚያች ትንሽ ግድየለሽነት ምክንያት ምስሉን ከድምፁ ማገናኘት አልተቻለም፤ ፊልሙም መጋዘን ገባ። ከዓመታት በኋላ ቴክኖሎጂው ሲፈታው ደግሞ አሬታ ራሷ «ያለፈቃዴ» ብላ ፍርድ ቤት ሄዳ አስቆመችው። ሕዝብ ያየው እሷ ካረፈች በኋላ፣ በ2018 እ.ኤ.አ. ነው። አርባ ስድስት ዓመት። የሆሊውድ ገንዘብና ባለሙያ ባለበት አገር አንዲት ምልክት ስትጎድል ይህ ከሆነ፣ «ትራክ 07 ኮፒ» ምን ዕድል አለው?

የእኛ ጉባኤስ በዚያው ዓመት እንዴት ነበር? በዚያው በ1964 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የሙሉ ወንጌል አማኞች በአምልኮ ላይ እንዳሉ በመቶዎች ተይዘው ታስረዋል። በዚያ ጉባኤ ምን ይዘመር እንደነበር በትክክል ሊናገሩ የሚችሉት ዛሬ በዕድሜ የገፉት ሰዎች ናቸው።

ይህ ሐሳብ ሲነሣ የሚሰሙት ተቃውሞዎች ይታወቃሉ። አንደኛው የዘማሪዎቹ የራሳቸው ነው፤ «የመድረክ ድምፄ አልተስተካከለም፣ ጉንፋን ነበረብኝ፣ ኪቦርዱ ስቷል» ይላሉ። ይህ የባለሙያ ኩራት ነው፤ አይናቅም። ነገር ግን ሕዝቡ ያንን ጉንፋን ያለበትን ቅጂ መርጦ አሥር ዓመት ሰምቶታል። የሱቁ ልጅ ሁለቱንም አስቀምጦ የተጠየቀው የመድረኩ ከሆነ ክርክሩ እዚያ ላይ አልቋል።

ሁለተኛው ጠንከር ይላል፤ መንፈሳዊ ነው። «ክብሩ የእግዚአብሔር ነው፤ ስም መጻፍ ምን ያስፈልጋል?» የሚል። በሰንበት ትምህርት ቤቶች በኩል ይህ ልማድ ሥር የሰደደ ነው፤ ካሴቱ ላይ «በመዘምራን» ይባላል፣ ግጥሙን የጻፈችው ልጅ ግን ዝም ብላ ታልፋለች። ትሕትናው ያምራል። ግን የአባቶች ልማድ በእርግጥ ይህ ነው? ብራና የሚገልጥ ሰው መጨረሻው ላይ የጸሐፊውን ስም፣ ያጻፈውን ሰው ስም፣ «ጸልዩልኝ» የሚል ልመና ያገኛል። ድጓው ከሺህ አራት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ እንኳ የያሬድ ነው ይባላል እንጂ «የመዘምራን» አይባልም። ስሙ የተያዘው ለትምክሕት አይደለም፤ ለጸሎትና ለአደራ ነው። ስም አለመጻፍ ትሕትና የሚሆነው ባለስሙ ራሱ ሲተወው ነው፤ ሌላ ሰው ሲያጠፋበት ስሙ ሌላ ነው።

ሦስተኛው የገንዘብ ነው። «ዛሬ ብናወጣው ነገ ሚሞሪ ላይ ነው» ይባላል። እውነት ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሥራ አመንጪውን መብት ዕድሜውን ሙሉና ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ይጠብቃል፤ ለከዋኙም እንዲሁ 50 ዓመት ሰጥቷል። በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏል። ወረቀቱ ላይ ጥሩ ነው። ሸዋ ሮቢት ሱቅ ውስጥ ግን አዋጁን ይዞ የሚገባ የለም፤ ቢገባም የሚያገኘው በቀን ጥቂት ብር የሚያገኝ ወጣት ነው። ልጁን ማሰር ዘማሪውን አያበላም። ነገር ግን አሁን ካለው የባሰ ምን ይመጣል? ቅጂው ያለ ስም እየተቀዳ ነው። ስም፣ ዓመትና ቦታ ፋይሉ ውስጥ ተጽፎ ቢወጣ፣ ቢያንስ የሚሰረቀው ስም ያለው ዕቃ ይሆናል። ስም ያለው ዕቃ ደግሞ አንድ ቀን፣ ማኅበራቱ ሲጠናከሩ፣ ይጠየቅበታል። መብት ለማስከበር መጀመሪያ የማን እንደሆነ መታወቅ አለበት።

አጣዬ በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ተቃጠለች። ሸዋ ሮቢትም በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደጇ ድረስ ብቻ ሳይሆን ቤቷ ውስጥ ገብቶ ነበር። ከተማ ሲቃጠል የሚቆጠረው ቤት፣ ሱቅና እህል ነው፤ ትክክልም ነው፣ ሰው መጀመሪያ መብላትና ማደር አለበት። ነገር ግን በተቃጠለ ቤት ውስጥ ያለ የካሴት ካርቶን፣ የሠርግና የጉባኤ ቪዲዮ፣ አሮጌ ሃርድ ዲስክ በማንም ዝርዝር ውስጥ አይገባም፤ ካሳም አይጠየቅበትም። እሳት ባይመጣ እንኳ የቆላው ሙቀት አለ። ካሴት ማለት ፕላስቲክ ላይ የተለጠፈ ዱቄት ነው፤ ሙቀትና እርጥበት ሲፈራረቅበት ይላላል፣ ይጣበቃል፣ ይሻግታል። የሚያጫውተው ቴፕም ከገበያ እየጠፋ ነው። በ1980ዎቹ በየአጥቢያው የተቀዱ ጉባኤዎች ዛሬ ወደ ዲጂታል ካልተገለበጡ፣ የሚገለበጡበት ጊዜ ያልፋል።

ሥራው ትልቅ በጀት አይፈልግም። አንድ አንጋፋ ዘማሪ፣ አንድ የድምፅ ባለሙያ፣ ጥሩ የካሴት ማጫወቻና ሃያ የሚሆኑ የመድረክ ቅጂዎች ይበቃሉ። ዘማሪው ተቀምጦ እየሰማ ይናገር፦ ይህ የእገሌ ከተማ ጉባኤ ነው፣ አኮርዲዮኑን የያዘው እገሌ ነው፣ ይህችን ግጥም የሰጠችኝ እገሊት ናት፣ ያን ቀን መብራት ጠፍቶ ነበር። ይህ ይጻፍ። ጸሎቱ አይቆረጥ፣ እልልታው አይታጠብ። ከዚያ ስብስቡ ለአዲስ አበባ አሳታሚ ብቻ ሳይሆን ለሸዋ ሮቢት፣ ለከሚሴ፣ ለኮምቦልቻ የሞባይል ሱቆች በፍላሽ ይላክ። ልጆቹ አሁንም ያባዙታል፤ ያባዙት። የሚያባዙት ግን «ትራክ 07» አይሆንም።

መንገዱ ሰላም በሆነበት ዓመት፣ መስከረም ሲጋመስ የግሸን ተጓዦች አውቶብሶች ሸዋ ሮቢት ላይ ይቆማሉ። ሰው ወርዶ ፊቱን ይታጠባል፣ ማንጎ ይገዛል፤ ረዳቱ ደግሞ ፍላሹን ይዞ ሱቁ ብቅ ይላል። አውቶብሱ ሲነሣ መዝሙሩ ይከፈታል፣ ከፊት ያሉት እናቶች ያጨበጭባሉ፣ ከኋላ ያሉት ይቀበላሉ። ከመካከል አንድ ልጅ «ይሄን የዘመረው ማነው?» ብሎ ቢጠይቅ እናቱ ትንሽ ታስብና «የድሮ መዝሙር ነው» ትለዋለች።